ሁለት ሥራ አስኪያጅ ያለበት ግቢ

መስከረም 14

ለወንድሜ ለድንቡሼ፦

ሰላምታዬ ካለህበት ደጅ ይድረስልኝ። ጤናህ ይብዛ፣ አለቃህ ይውደድህ፣ ብርዱም ይራራልህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በዚህ ሽበትህ አሁንም ድንቡሼ ማለቴ ካሳፈረህ ቻለው፤ ለሌላ ስም ሰነፍኩ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንዳትል። የቤታችን ስልክ ድምፁ ተለቆ ነው የሚወራበት። ጋሼ በአንድ በኩል፣ አክስታችን በሌላ በኩል ተቀምጠው «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ምን ይወራል? እኔ ደግሞ የምጠይቅህ ነገር አባትህ ፊት የሚጠየቅ አይደለም።

ባለፈው እሑድ አክስታችን ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስባ የላክኸውን ሐሳብ ከስልኳ ላይ አነበበችልን። የአሽከርካሪ ማሠልጠኛችን ከእንግዲህ ሁለት ሥራ አስኪያጅ ይኑረው፤ አባባ እንደነበሩ ይቀጥሉ፤ እታለም ደግሞ ተባባሪ ሥራ አስኪያጅ ትሁን ይላል። ሁሉም አጨበጨበ። ጋሼም አጨበጨቡ። እኔም ሳላስበው ለራሴ አጨበጨብኩ። በማግስቱ ጸሐፊዋ የቢሮው በር ላይ ጽሑፍ ለጠፈች፤ «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ከላይ በትልቁ፣ «ተባባሪ ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ከሥሩ በትንሹ። ቦታ አልበቃ ብሎኝ ነው አለች።

መካኒካችን በሩ ላይ ቆሞ አነበበና፣ «እንግዲህ ስኮርታ ጎማ ሆንሽ ማለት ነው?» አለኝ። እሱን እንኳ ልክ ልኩን ነገርኩት። ቤቴ ገብቼ ግን እኔም ቃሉን አገላብጬ አየሁት። ምክትል አውቃለሁ፤ ዋናው ሲታመም የሚተካ ነው። ረዳት አውቃለሁ፤ ቁልፍ ያቀብላል። ተባባሪ ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተባባሪ የሚባል ፕሮፌሰር አለ፤ ሙሉ ሊሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው አሉኝ። ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ተባባሪ ማለት ሌባው ሲሰርቅ በር ላይ የቆመው ነው። እኔ የትኛዋ ነኝ?

ጸሐፊዋ ዐርብ ፈቃድ ጠየቀችኝ፤ ሥራ ስለበዛ ከለከልኳት። ጋሼ ዘንድ ሄዳ ተፈቀደላት። አክስታችን ነገሩን ሰምታ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንተ በመሥሪያ ቤትህ የሠራተኞች ኮሚቴ ላይ ከሌላ ሰው ጋር በጋራ ሰብሳቢ ነኝ ብለኸን ነበርና ነገሩን ታውቀዋለህ። ጋሼ አንድ ነገር ወስነው እኔ ካልተስማማሁ የማን ይጸናል? ለጨዋታ አይደለም የምጠይቅህ፤ እባክህ በደንብ ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 3

ለእታለሜ፦

ለእኔ ያልሽው ምርቃት ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሽ። የብርዱን ነገር ብቻ አላውቅም፤ ገና ከአሁኑ ጀምሮታል። ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት የአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ስለ ስኮርታው ብቻዬን ስስቅ የሥራ ባልደረቦቼ ሰውዬውን ነካ አደረገው እንዴ ብለው ተያዩ።

እንደምታውቂው የምሠራው ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ከላይ ያለው ሕመምተኛ ሁሉ የተኛበት አንሶላ እኛ ዘንድ ይወርዳል፣ ታጥቦና ተተኩሶ ይመለሳል። ኮሚቴያችን ሁለት ሰብሳቢ አለው፤ እኔና ከስፌት ክፍል የሆነች አንዲት ሴት። እዚህ አገር «ሰብሳቢ» ከሚለው ቃል ፊት «አብሮ» እንደማለት ያለች ትንሽ ነገር ይቀጥሉና ለሁለታችንም እሷኑ ይጠሩናል። ለአንዳችን ሲሉት ቀንሰው፣ ለአንዳችን ሲሉት ጨምረው አይደለም።

መጀመሪያ እኔም ግማሽና ግማሽ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ስብሰባውን ተራ በተራ እንመራለን። ትንንሹን ነገር ቀድሞ ያገኘው ይወስናል፤ የጸሐፊዋ ፈቃድ እንደዚያ ነው፣ ስለዚህ አንቺ ከልክለሽ ከሆነ ተከልክላለች ማለት ነው። ትልቁ ነገር ግን ሁለቱም ካላመኑበት አይሆንም። ደግሞ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሰው ፊት አያፈርስም፤ ጠብ ካለን በሩን ዘግተን ነው የምንጣላው። አንድ ጊዜ እንዲያውም በሩን ዘግተን ስንጯጯህ በመስኮቱ በኩል ሁሉም ሰምቶናል።

የዚህ ሥራ በሽታው ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ልኩን ጋሪ ሲገፋ የኖረ አንድ ሽማግሌ ነበረን። ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲዛወር ተወሰነና ንገሩት ተባልን። እሷ ትቀርበዋለች፣ ነግራዋለች ብዬ ዝም አልኩ። እሷም ምሳ አብረው ነው የሚበሉት፣ ነግሮታል ብላ ዝም አለች። ሰውዬው ሰኞ ጠዋት ምሳውን ይዞ ሲመጣ ጋሪውን ሌላ ሰው ይገፋዋል። ሁለት ሰብሳቢ ያለው ሰው መዛወሩን ከጋሪው ሰማ። አንቺና አባባ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ እንዳትገቡ አደራ።

«ተባባሪ» የሚለውን ቃል ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ ነው። «የጋራ ሥራ አስኪያጅ» ብል ይሻል ነበር። ጸሐፊዋ ጽሑፉን በእኩል ፊደል ትጻፈው በያት።

አባባ ዐይናቸውን ማሸት አብዝተዋል ብላ አክስቴ ነግራኝ ነበር። ለመነጽር የሚሆን ልኬያለሁ፤ ጥሩ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ሐኪሙ ያለሽንም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 29

ለወንድሜ፦

በሄድክበት ሁሉ ክፉ አይንካህ። የላክኸው ደርሷል፣ እጅህ አይንጠፍ። መነጽር ግን አልገዛንም።

ሐኪሙ ደህና ሰው ነው፤ ጊዜ ሰጥቶ ነው ያያቸው። መነጽር አይጠቅማቸውም አለ። የሄደው የዐይናቸው መሃል ነው፤ ዳር ዳሩ አለ፣ የሄደው ግን አይመለስም። ሰው ሲመለከቱ ትከሻውንና ጆሮውን ያያሉ፣ ፊቱን አያዩም። ለካ ግቢ ውስጥ ሳይደናቀፉ የሚሄዱት በዳሩ ነው። ለካ «አንተ ማነህ፣ ድምፅህ ጠፋብኝ» የሚሉት ቀልድ ቀልድ አልነበረም። ጋዜጣውን ዘርግተው ይዘው «ተረቺልኝማ ምን ይላል» የሚሉኝም ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሲናገር ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሥራቸው አሽከርካሪ ማሠልጠን መሆኑን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «ስለ ሥራው ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩበት» አለ። እሱም ወደ እኛ አሻገረው። ጋሼ ቤት ሲገቡ ለአክስታችን «የሚስማማኝ መነጽር ጠፋ» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

አሁን መጀመሪያ ያልጻፍኩልህን ልጻፍልህ። እዚህ ሠልጣኙ ሁሉ አባትህን «ጋሽ ፍሬን» ነው የሚላቸው፤ ታውቃለህ። ሠልጣኙ አደጋውን ሳያየው እሳቸው በእሳቸው በኩል ያለው ፍሬን ላይ እግራቸውን ያሳርፋሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው «አየኸው?» ይላሉ። ስንት ሰው በዚያ እግር ቤቱ ገብቷል። በጳጉሜን መጨረሻ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ይዘው ወጡ። አትክልት የጫነ ጋሪ መንገዱ መሃል ቆሟል፤ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የወደቀበትን ይለቅማል። ጋሼ «ንጂ፣ ንጂ፣ መንገዱ ያንቺ ነው» ይሏታል። ልጅቷ እየፈተኑኝ ነው ብላ ሄደች፣ ሄደች፣ በመጨረሻ ራሷ ፍሬኑን ረገጠችው። ሰውዬው ቀና ሲል የመኪናው አፍንጫ ደረቱ ጋ ነው። ጋሼ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ለምን ቆምሽ?»

ልጅቷ መጥታ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። እንዳታሳፍሪያቸው ብላ አስምላኛለች። ለዚህ ነው የቃሉን ትርጉም የጠየቅሁህ። ከእንግዲህ ሰው ይዘው እንዳይወጡ ማድረግ እችላለሁ ወይ? ያንተ ደንብ ትልቁን ነገር ሁለቱም ካላመኑበት አይሆንም ይላል። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ነገር የለም። ታዲያ ሰው ራሱን ከመኪና ለማውረድ ራሱ እጁን ያወጣል?

የአባቴ ወንድም ቢሆኑም አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መንዳት ያስተማሩኝ፣ ከዚያ ማስተማርንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ልናገር ብዬ ስንቴ ቢሮው በር ላይ ደርሼ «ሻይ ላምጣ?» ብዬ ተመልሻለሁ። አክስታችንን ባማክራት፣ «ልጃቸው እነግራቸዋለሁ ብሏል፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ» አለችኝ። ብለሃል እንዴ? ያልክ እንደሆነ ቶሎ በል።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

ለውድ እህቴ፦

ለሁላችሁም ጤና፣ ለቤቱም ሰላም ይብዛ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። አንሶላ የሚተኩሰው ትልቁ ማሽን ተበላሽቶ በእጅ ስንሠራ ከረምን። ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። ከዚያ ደግሞ የኮሚቴ ምርጫ መጣ። ብቻ ሰበብ አላጣሁም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአባባን ነገር ሳስብ እህል አልወርድ አለኝ። ዐይናቸው እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር ብልሽ ደስ ባለኝ። አምና በስልክ ፎቶ ልኬላቸው «ወፍረሃል» ሲሉኝ፣ ፎቶው የእኔ ሳይሆን የጓደኛዬ ነበር፤ በስሕተት ነው የላክሁት። ያን ጊዜ ጠርጥሬ ነበር።

ለአክስቴ እነግራቸዋለሁ አላልኩም። «ይነገራቸዋል» ነው ያልኩት። አንቺ ሥራ አስኪያጅ ከሆንሽ ቤት ውስጥ ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ቀኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ፊታቸውን እያየሽ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ በስልክ ምን እላለሁ? ደውዬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። ገና «አባባ፣ ስለ ዐይንዎ» ስል «እኔስ ደህና ነኝ፣ አንተ ጃኬትህን ልበስ» ብለው ስልኩን ለአክስቴ ሰጧት።

እስከዚያው ድረስ ለምን ሠልጣኞቹን ወደ አንቺ መኪና አታዞሪያቸውም? ሳይሰማቸው ቀስ በቀስ ይለምዱታል። ለመኪናዋ አዲስ የወንበር ልብስ የሚሆን ልኬያለሁ። የግቢውን ፎቶም ላኪልኝ፤ ዛፉ አድጓል?

ወንድምሽ


ጥር 2

ድንቡሼ፦

እንደምን ሰነበትክ። ዛፉ አድጓል።

እንዳልከኝ ሠልጣኞቹን ሁሉ ወደ እኔ አዞርኩ። ሳይሰማቸው ነው ያልከው? ጋሼ ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ መኪናቸውን አስጠርገው፣ ግቢው መሃል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሣሉ። ሰው ሲገባ ወደ እኔ ያልፋል፤ እሳቸው መልሰው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ጠሩኝና፣ «ሰው መንዳት ጠላ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልቀለዱም። ጥርሴን ነክሼ «ወቅቱ ነው» አልኳቸው። ካደግሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ማክሰኞ ዕለት እኔ ከሠልጣኝ ጋር ውጪ ነበርኩ። እሳቸው መኪናቸው እንዳትዝግ ብለው አስነሥተዋት ሲወጡ የበሩን ዓምድ ገጩት። የፊት መብራቷ ረግፏል፣ መከላከያ ፓራውልቷ ታጥፏል። ስመለስ ግንበኛ አስጠርተው፣ «ይህን ዓምድ ማን ነው ወደ ውስጥ ያስጠጋው?» ብለው ይቆጣሉ። ግንበኛው እኔን ያያል፣ እኔ መሬት አያለሁ፣ መካኒኩ ሰማይ ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። በዓምዱ ፈንታ የቆመው ሰው ቢሆንስ ኖሮ?

ግንበኛውን ሸኘሁና ነገርኳቸው። ዳር ዳር አላልኩም። ጋሼ፣ ዐይንዎ መሃሉ የለም፣ ሰው ይዘው መውጣት የለብዎትም፣ ብቻዎንም ቢሆን መንዳት የለብዎትም አልኳቸው። ከዚያ፣

«ይህን የምትዪው አንቺ ነሽ ወይስ ልጄ?» አሉኝ።

ሁለታችንም አልኩ።

«የልጄን ከልጄ እሰማለሁ። እሱ ስልክ ሲደውል ስለ ጃኬት ነው የምናወራው።»

ቃሉን በደንብ አስረድተኸኝ ነበር፤ ሁለት ሙሉ ሰው ነው ብለህ። ስለ ጋሪ ገፊው ሽማግሌም ጽፈህልኝ ነበር። ያን ታሪክ ስትጽፍ ምን ይሰማህ እንደነበር አላውቅም። ለእኔ ግን አሁን ሳነበው ጋሪ ገፊው አባትህ ናቸው፤ የስፌት ክፍሏ ሴትዮ እኔ ነኝ። እስካሁን የጋራ ሥራ አስኪያጄ ጋሼ ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም፤ አንተ ነህ። ስሜን በር ላይ ያስለጠፍከው አንተ መናገር ስላልቻልክ ነው። ተናደድክ? ተናደድ። እኔም ተናድጃለሁ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሳዝንልህም መገኘቴ ነው።

ጋሼ የመጪው ወር መጀመሪያ ሰኞ አንድ የገበያ ነጋዴ ይዘው ሊወጡ ተቀጣጥረዋል፤ መኪናዋ ተጠግና እስክትወጣ ነው የሚጠብቁት። መካኒኩ መብራቱን ጨርሷል። ባትሪዋን ግን አስነቅዬዋለሁ፤ «ዕቃ እስኪመጣ ነው» ብሎ ዋሽቶልኛል። ያሳደጉኝን ሰው በባትሪ አታልላለሁ። የወንበር ልብስ አትላክልኝ፤ ምንም አትላክልኝ። ቃልህን ላክልኝ። በስልክ አይደለም፤ በስልክ ያመልጡሃል። ጽፈህ ላከው፣ እኔ አነብላቸዋለሁ።

እህትህ


ጥር 20

እታለሜ፦

ጽፌልሻለሁ። የተናገርሽው ሁሉ እውነት ነው። ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አትጠይቂኝ። በመጨረሻ ለስፌት ክፍሏ ጓደኛዬ አነበብኩላት። ቋንቋውን አታውቅም፤ ድምፄን ሰምታ «አሁን እየለመንክ አይደለም፣ ላከው» አለችኝ። የማታምኚበት ነገር ካለ አውጪው። ያመንሽበትን ብቻ አንብቢላቸው፤ የሁለታችንም ቃል ይሁን።

የሚነበበው ይኸውና፦

ለተከበሩ አባቴ፦

ጤናዎን እየለመንኩ፣ ጉልበትዎን እየሳምኩ ነው የምጽፍልዎ። ይህን የምታነብልዎ እታለም ናት፤ የጻፍሁት ግን እኔ ልጅዎ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከግቢው ጥግ ቆሜ አይዎት ነበር። ሠልጣኙን ለመንግሥት ፈተና ከመላክዎ በፊት ራስዎ ይፈትኑታል። ያለፈውን ከመኪናው ወርደው ጨብጠው ይሸኙታል። የወደቀውን ግን አያወርዱትም። መጀመሪያ «ሞተሩን አጥፋው» ይሉታል። መኪናዋ ጸጥ ስትል ወደ እሱ ዞረው ይነግሩታል። በጸሐፊ አልላኩበትም፣ በር ላይ አልለጠፉበትም፣ በሚስቱ አላስነገሩበትም። አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ብጠይቅዎ፣ ሞተር እየሠራ የሰማውን ሰው አያምነውም አሉኝ።

አባባ፣ ሞተሩን አጥፍቻለሁ። አላለፉም።

ዐይንዎ ከእንግዲህ ለመንዳት አይበቃም፤ ለማሠልጠንም አይበቃም። መሪ አይያዙ። ሠልጣኝ ይዘው አይውጡ። ነርሷ ፍሬን ስትረግጥ ከፊቷ ካለው ጋሪ ጋ ጎንበስ ያለ ሰው ነበር። ያን ሰው ገጭተው ቢሆን ኖሮ ከእሱ ሞት ይልቅ የእርስዎ ሐዘን ቀድሞ ይታየኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልጅ ነኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለወደቀ ሠልጣኝ «በሌላ ቀን ተመለስ» ይሉት ነበር። እኔ ያንን ልልዎ አልችልም። ቢቻለኝ ይህን ደብዳቤ ሁሉ ትቼ ያቺን ቃል ብቻ በጻፍኩልዎ።

ሥራ አስኪያጅነትዎ እንዳለ ነው። ማን ይቀጠር፣ ማን ይፈተን፣ ግቢው እንዴት ይዋል የሚለውን ከእታለም ጋር ይወስናሉ፤ እሷ ያላመነችበት አይሆንም፣ እርስዎ ያላመኑበትም አይሆንም። ይህን አንድ ነገር ግን ፈቃድዎን አልጠየቅንም። እሷም እኔም ወስነናል። ቀድማ የነገረችዎት እሷ ናት፤ ጎበዝ ናት። እኔ ዘግይቻለሁ። ፈርቼ ነው፤ እርስዎን አይደለም የፈራሁት፣ ሲሰሙ የሚሆኑትን ነው።

ልጅዎ


የካቲት 4

ለወንድሜ፦

እጅህ ይባረክ። ከደብዳቤህ ያወጣሁት ምንም የለም።

ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት መጀመሪያ መካኒኩን ባትሪውን መልስ አልኩት። ውሸት ላይ ተቀምጬ እውነት ማንበብ ደበረኝ። ከዚያ ጋሼን፣ መኪናዋ ተጠግናለች፣ ኑ እንያት አልኳቸው። ደስ አላቸው። ሸሚዛቸውን አስተካክለው መጡና እንደ ልማዳቸው በአሠልጣኙ ወንበር ተቀመጡ። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። አስነሣኋት። ጆሮ ሰጥተው ሰሟትና «ደህና ናት፣ እንውጣ» አሉ። እኔ ሞተሩን አጠፋሁት።

ቀበቶ ሊያስሩ የዘረጉት እጃቸው ባለበት ቆመ። ከቀበቶው መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉትና፣

«ማን ነው የወደቀው?» አሉኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። «ጉልበትዎን እየሳምኩ» የሚለው ጋ ደህና ነበርኩ። «አላለፉም» የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርጌ አነሣሁት። አንተ የጻፍከውን «እኔ» እኔ ሳነበው የማን እንደሆነ ለራሴም ጠፋኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

«ይህ የእሱ ቃል ነው?» አሉ።

የእሱ ነው አልኩ።

«አንቺስ?»

የእኔም ነው አልኩ። ቀደም ብዬም ነግሬዎት ነበር አልኩ።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ሳይሆን «በሌላ ቀን ተመለስ» የምትለውን ብቻ። አነበብኩላቸው። አለቀሱ። ድምፅ አላሰሙም፤ እንባቸውን ግን አልደበቁኝም። እኔም አለቀስኩ። መካኒኩ ከሩቅ አይቶን የሌላ መኪና ኮፈን ከፍቶ ውስጡ ጭንቅላቱን ደበቀ። ተናድጄብህ ነበር፤ እዚያች መኪና ውስጥ ግን ናፈቅከኝ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ ቢሆን ኖሮ ትከሻዬን ትይዘኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ነጋዴውን ራሳቸው አስጠሩት። ሱቁ ድረስ ሄዶ የሚነግረው ሰው ልላክ ብላቸውም እምቢ አሉ። ግቢው መሃል ቆመው፣ እኔ ከእንግዲህ አላሠለጥንም፣ ዐይኔ ወድቋል፣ አንተን የምታሠለጥንህ እሷ ናት አሉት። ነጋዴው ምን እንደሚል ጠፍቶት «እግዜር ይማርዎት» አለ። እሳቸውም «ይማረኝ እንጂ ዐይኑን እንኳ አይመልሰውም» ብለው አሳቁት። ጸሐፊዋ ዐርብ ዕለት ፈቃድ ብትጠይቃቸው «እሷንም ጠይቂያት» ብለው ወደ እኔ ልከዋታል። ከለከልኳት። ወደ እሳቸው አልተመለሰችም።

አክስታችን አልቅሳ ሰላም ብላሃለች። ጋሼ ግን ለአሁኑ አይደውልልኝ፣ ቃሉን ልልመደው ብለውኛል። ሲለምዱት ራሳቸው ይደውሉልሃል። ያን ጊዜ ስለ ጃኬት ካነሡ አንተም አንሣላቸው፤ እንደገና እንዳትሸሽ ብቻ።

ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው ዕለት ማምሻውን ወደ ቤት ልወስዳቸው መኪናዋን አስነሣሁ። የፊት በሩን ከፍቼ ቆምኩላቸው። አይ፣ እዚያ ከእንግዲህ ሥራ የለኝም አሉና በእጃቸው የመኪናዋን ጎን እየዳሰሱ ዞረው ወደ ኋላ ወንበር ገቡ። ይህችን መኪና ከገዟት ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው አያውቁም። ጥቂት ሄድን። ወዲያ ወዲህ ሲገላበጡ ሰማሁ። በመስተዋቱ ሳያቸው ወንበሩን በእጃቸው ይጫኑታል።

«ይህ ወንበር እንዲህ ይቆረቁራል እንዴ?» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው እዚህ ተቀምጧል። አንድ ሰው አልነገረኝም።»

እህትህ